አሮጌ መኪና ነዳጅ የምታበዛው ስለ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዕድሜያቸው ከሚነዷቸው ሰዎች ዕድሜ የሚበልጥ አውቶሞቢሎች ዛሬም ሲመላለሱ ይታያሉ። ኮሮላ ዲኤክስ፣ ላዳና ቮልስዋገን ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ከቀድሞው ዓይነት ቮልስዋገን የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በእኛ ከተሞች የሚገኙት ግን ከዚያም በብዙ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለም፣ ያሉት አሮጌዎች እንዲሁ በቀላሉ የሚጣሉ አይሆኑም። የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች ሲገናኙ ከሚያነሡት ስሞታ አንደኛው «ነዳጅ ትበላለች» የሚል ነው።

ስሞታው ቀላል አይደለም። አንድ አባወራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በታክሲ ሥራ ነው እንበል። መኪናይቱ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብትሠራና ለዚሁ መንገድ 9 ሊትር መውሰድ ሲገባት 12 ሊትር ብትወስድ፣ በየቀኑ 3 ሊትር ያለ ጥቅም ይጠፋል። በወር 25 ቀን ቢሠራ ጥፋቱ 75 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ 900 ሊትር ይሆናል። ይህን በጊዜው የነዳጅ ዋጋ አባዙት። የምታገኙት ገንዘብ የልጆች ደብተርና ጫማ፣ ምናልባትም የቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገና መንጃ ፈቃድ ባይኖራችሁም ነገሩ ይመለከታችኋል፤ መኪና ባለበት ቤት እርሳስና ወረቀት ይዞ ሊረዳ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ነውና።

እርሳስና ወረቀት ያልነው በከንቱ አይደለም። የምርመራው መጀመሪያ መፍቻ ማንሣት ሳይሆን መለካት ነው። «ዱሮ በሃያ ሊትር ሳምንት ትሠራ ነበር፤ አሁን ሦስት ቀን አትቆይም» የሚለው አነጋገር ብሶትን ይገልጻል እንጂ መጠንን አይገልጽም። ምናልባት መንገዱ ተጨናንቆ፣ ወይም ተሳፋሪው በዝቶ፣ ወይም ሥራው ራሱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በመሪው ፊት ያለው የነዳጅ ማመልከቻ ቀስትም በአሮጌ መኪና ላይ የሚታመን ምስክር አይደለም።

መለኪያው እንዲህ ነው። ነዳጅ ማደያ ገብታችሁ ጋኑን አስሞሉ፤ የማደያው መቅጃ በራሱ ሲቆም ይቁም እንጂ እስከ አፉ ድረስ አይገንፍል። ወዲያው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። መኪናይቱ እንደ ወትሮዋ ከሠራች በኋላ፣ ጋኑ ከግማሽ በታች ሲወርድ፣ ወደዚያው ማደያ ተመለሱና እንደገና አስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር በመካከሉ የተቃጠለው ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያ ቆጣሪው 61,240 ቢያሳይ፣ በኋላም 61,600 ቢያሳይ፣ የተሄደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ነው። የገባው ነዳጅ 39.6 ሊትር ከሆነ፣ 39.6ን ለ360 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙት 11 ይመጣል፤ መኪናይቱ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ትወስዳለች ማለት ነው። ሾፌሮቻችን በሚናገሩበት መንገድ ካሰላችሁት ደግሞ በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቆጣሪው ራሱ ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው የተሄደውን መንገድ ሳይሆን የጎማውን ዙር ነው። አንድ ሰው ከፋብሪካው ልክ የበለጠ ጎማ ቢያስገጥም፣ ጎማው በአንድ ዙር ብዙ መሬት ይሸፍናል፤ ቆጣሪው ግን የዱሮውን ልክ ያህል ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ መኪናይቱ ከሄደችው ያነሰ ተቆጥሮላት፣ ያለ ጥፋቷ በነዳጅ አባካኝነት ትከሰሳለች። ሁለተኛው ወጥመድ የአገራችን አቀማመጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ የተለካ ነዳጅ እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገኛል፤ ሲመለሱ ያው መንገድ ዳገት ነውና ሒሳቡ ይገለበጣል። በረጅም ጉዞ ላይ የሚለካ ሰው ደርሶ መልሱን አንድ ላይ መለካት አለበት።

የተገኘው ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ተገቢ? ካርቡራቶር ያላት ባለ 1,300 ሲሲ አሮጌ የቤት መኪና በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ብትወስድ ሊያስደንቅ አይገባም። በገጠር ጎዳና ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄድም ይህን ያህል የምትወስድ ከሆነ፣ ወይም በከተማ 13ና 14 ሊትር ከደረሰች፣ አንድ ቦታ ላይ ጥፋት አለ።

ጥፋቱን ለመፈለግ ነዳጁ የሚሄድበትን መንገድ በሐሳብ መከተል ይጠቅማል። የተገዛው ነዳጅ ከሦስት ዕጣዎች በአንዱ ይባክናል፤ ሳይነድ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ወይም በሚገባ ሳይነድ በጭስ መልክ ይወጣል፣ ወይም በሚገባ ነድዶ ከሰጠው ኃይል ውስጥ ብዙው በከንቱ ትግል ያልቃል። የነዳጅ ሞተር በባሕርዩ አባካኝ መሆኑንም አትርሱ። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር በደኅና ይዞታው እንኳ ከቤንዚኑ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት እጅ አንዱን ያህል ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫና በማቀዝቀዣው በኩል ይበተናል። ከዚህ ከአንድ እጅ ላይ ደግሞ ሌላ ሲሰረቅ ነው ባለቤቱ የሚጮኸው።

የመጀመሪያውን ማወቅ ቀላል ነው። መኪናይቱ ባደረችበት ቦታ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ፤ አሽትቱም። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሠሪያ፣ ወይም ክዳኑ የማይገጥም ጋን ብዙ ጊዜ በሽታው ብቻ ይናገራል። በክብሪት ወይም በሻማ ብርሃን መፈለግ ግን ሞትን መጥራት ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና በመኪናይቱ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ከዓይን የሚሰወር ሌላ ፍሳሽም አለ። ነዳጁን ከጋን የሚስበው ፓምፕ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ፣ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲመዘዝ ዘይቱ ከመጉደል ይልቅ ጨምሮ ከተገኘና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅምና።

ቀጥሎ በእጅና በዓይን የሚመረመረው የመንኮራኩሩ ነገር ነው። መኪናይቱን በደልዳላ ሜዳ ላይ ማርሽዋን አውጥታችሁ፣ አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ግፏት። አንድ ጎልማሳ ሊያንቀሳቅሳት ካቃተው ፍሬኗ ይዟታል። ከዚህ የሚሻለው ፈተና ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳያበዙ ነድቶ ከቆሙ በኋላ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው፤ መንካት አያስፈልግም። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ፣ በዚያ እግር ላይ የፍሬኑ ሸራ አልላቀቅ ብሏል። እንዲህ ያለው መኪና ቀኑን ሙሉ ፍሬን ተይዞ እንደሚነዳ ይቆጠራል፤ ነዳጅ ማብዛቱም ከጥፋቶቹ ትንሹ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያ ፍሬን ከመጠን በላይ ግሎ ጨርሶ አልይዝ ሊል ይችላል።

የጎማው ነፋስ ሲጎድል ጎማው መሬት ላይ ይዘረጋል፤ በዞረ ቁጥርም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጎማን ማጠፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ይህ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ነፋሱ መለካት ያለበት ጠዋት ጎማው ሳይግል ነው፤ ከሠራ በኋላ ሙቀቱ ነፋሱን ስለሚያስፋፋው ጎዶሎው ሙሉ መስሎ ይታያል። ጎሚስታው በመዶሻ መትቶ በድምፁ ሲፈርድ ብታዩ፣ በትሕትና መለኪያ እንዲያመጣ ለምኑት። በሁለቱ ጠርዝ የተበላ ጎማ ነፋስ ሲጎድለው እንደ ኖረ፣ በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ ጎማ ደግሞ የፊት እግሮቹ አቅጣጫ እንደ ተዛባ ይናገራል። ጣሪያ ላይ ለዓመታት የተረሳ የዕቃ መጫኛም ነፋስን በመቃወም የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መካኒክ የማይጠይቅ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አየርና ነዳጅ ጋብቻ እንግባ።

ቤንዚን ብቻውን አይነድም። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ነድዶ እንዲያልቅ ወደ 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይመዝናልና 11 ኪሎ አየር ይፈልጋል ማለት ነው። አየር ምን ያህል ቀላል መሆኑን ስታስቡ ይህ የቱን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል፤ በባሕር ጠረፍ ላይ 9,000 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህን ጋብቻ የሚፈጽመው ካርቡራቶር ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነም ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። በዚያ ቦታ በተከፈተው ትንሽ ቀዳዳ በኩል ቤንዚኑ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ብልኃቱ ያማረ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አያውቅም፤ የሚያልፈውን አየር ክብደት አያውቅም።

ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር ከአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። ያው አንድ ሊትር ቤንዚን እዚህ ለመንደድ 11,000 ሊትር አየር ይፈልጋል። የመኪናው ካርቡራቶር ግን የተስተካከለው በዝቅተኛ አገር ላለ ፋብሪካ አየር ነው። በስስ አየር ውስጥ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ክብደት በአምስተኛ ሲቀንስ፣ በቀዳዳው የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው በአሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ያልተበላሸች፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ያለች መኪና እንኳ አዲስ አበባ ስትደርስ የነዳጇ ድርሻ ከአየሩ አንጻር ከስምንት እጅ አንድ ያህል በዝቶ ይገኛል። ትርፉ ነዳጅ የሚገናኘው አየር አጥቶ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በኋላ የመጡት መኪናዎች ይህን የሚመዝን መሣሪያ ስላላቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ አሮጌዎቹ ግን ሰው ካላስተካከላቸው አይስተካከሉም።

መፍትሔው ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ አንድ ደረጃ በጠበበ መለወጥ ነው። ቀዳዳው ያለበት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ በላዩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እዚህ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ አየር የጠበበ ቀዳዳ ያላት መኪና ወደ አዋሽ ሸለቆ ወይም ወደ ድሬዳዋ ብትወርድ፣ እዚያ አየሩ ወፍራም ነውና ነዳጅ ያጥራታል፤ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። በከተማ ብቻ ለሚሠራ ታክሲ ለውጡ ይስማማል፤ በየሳምንቱ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ግን ጥቂት ነዳጅ ማጣት ሞተር ከማቃጠል ይሻላል።

በብዙ ጋራዦች «ካርቡራቶር ማስተካከል» ሲባል የሚደረገው ሌላ ነው። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አንዲት ትንሽ ብሎን ወዲህና ወዲያ እያዞረ፣ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ይህች ብሎን የምታዝዘው በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚገባውን ነዳጅ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ሲሮጥ የሚጠጣውን በብዛት የሚወስነው ዋናው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ብሎኗ ስትዞር ሞተሩ በሩ ላይ ቆሞ ቢያምርበት፣ የነዳጁ ነገር ተፈታ ማለት አይደለም።

ከቀዳዳው ሌላ ነዳጅን የሚያበዙ ሦስት ነገሮች በካርቡራቶሩ አካባቢ አሉ። በካርቡራቶሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ገንዳ ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ መሰል ነገር አለች፤ ነዳጁ ልኩ ሲደርስ ከፍ ብላ መግቢያውን በመርፌ ትዘጋለች። መርፌዋ ስትበላ አትዘጋም፤ ነዳጁም ከልኩ በላይ ይሞላል። ሁለተኛው በብርድ ጠዋት ሞተር ለማስነሣት አየሩን የሚዘጋው ክዳን ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ መኪናይቱ ቀኑን ሙሉ በጠዋት ምግብ ትውላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የተሳበች እጀታ ሳትመለስ መቅረቷ የተለመደ ነው። ሦስተኛው የአየር ፊልትሮው ነው። ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን አየሩ ያንሳል፣ ነዳጁ ግን አብሮ በልኩ አያንስም። በኮረኮንች መንገድ የምትሠራ መኪና መጽሐፏ ከሚያዘው በፊት ፊልትሮዋ መታየት አለበት። አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ፊልትሮ አየርም አያሳልፍም።

ነዳጅና አየር በልክ ቢጋቡም እሳቱ በጊዜውና በብርታቱ ካልመጣ ጋብቻው ከንቱ ነው። እሳቱን የምትረጨው ካንዴላ ናት። በነገራችን ላይ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያንኛ ብዙ ተውሷል፤ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ ከዚያው የመጡ ናቸው፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታም በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ዛሬ የሚናገር መካኒክ ጣሊያንኛ ተናገርሁ ብሎ አያስብም፤ ቃላቱ ከእጁ መፍቻ ጋር ተዋሕደው አማርኛ ሆነዋል።

ካንዴላ የሞተሩን የውስጥ ሁኔታ የምትናገር ምስክር ናት። መኪናይቱ ጥሩ መንገድ ሄዳ ከቆመችና ሞተሩ ከበረደ በኋላ አራቱ ካንዴላዎች በቅደም ተከተል ወጥተው፣ ከየትኛው ቤት እንደ ወጡ ሳይደበላለቅ፣ ወረቀት ላይ ይደርደሩ። ጫፋቸው ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ነዳጁ በዝቷል። ጥቁሩ ርጥብና ዘይት የተቀባ ከሆነ ነገሩ የነዳጅ አይደለም፤ የፒስቶኑ ቀለበቶች ተበልተው ዘይት እያሳለፉ ነው። ነጭ ሆነው ጫፋቸው የተንጨረጨረ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አንሶ ሞተሩ ግሏል። አራቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ ጥፋቱ የጋራ ነው፣ ማለትም ካርቡራቶር፣ ፊልትሮ ወይም ከፍታ። ሦስቱ ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ የዚያች ካንዴላ፣ የሽቦዋ ወይም የዚያ ቤት በሽታ ነው። የቀድሞ መጻሕፍት የሚሰጡት የቀለም መግለጫ እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን የተጻፈ መሆኑንም ልብ በሉ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ ፈጽሞ መሸጡ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዛሬ የሚሸጠው እርሳስ የሌለው ቤንዚን ካንዴላን ከዱሮው ይልቅ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሰጣታል፤ ስለዚህ ትንሽ ነጣ ያለችን ሁሉ በሽተኛ ማለት አይገባም።

ካንዴላ የምትተኩስበትን ቅጽበት የሚወስኑት ፑንቲና የሚባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹ በደቂቃ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፤ በተለያዩ ቁጥር አንድ እሳት ይፈጠራል። ከነጥቦቹ አንዱን የሚገፋው ትንሽ እግር እያደር ይበላል። እግሩ ሲበላ በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ሲጠብም እሳቱ ይዘገያል። የዘገየ እሳት ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስቶኑ ወደ ታች መሸሽ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ግፊቱ ፒስቶኑን በብርታት ሊገፋ ሲገባው ሙቀት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ሾፌሩ ጉልበት አጣሁ ብሎ መርገጫውን አጥብቆ ይረግጣል፤ ነዳጁም ይጨምራል። ይህ በሽታ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ አሽከርካሪው ይለምደዋል እንጂ አያስተውለውም። የሚታረመው ክፍተቱን በስስ መለኪያ ሰሌዳ ወደ ልኩ በመመለስና ቀጥሎም የእሳቱን ጊዜ በማስተካከል ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ጊዜውም ይለወጣልና። በዚሁ ክፍል ጎን ያለች ክብ ቆርቆሮ፣ ከካርቡራቶሩ በቀጭን ቱቦ የተያያዘች፣ መኪናው ሳይጫን ሲሄድ እሳቱን ወደፊት ታስቀድማለች። በውስጧ ያለው ሽፋን ከተቀደደ ሥራዋን ትታለች። ቱቦውን ነቅሎ በአፍ መሳብ ብቻ ይበቃል፤ አየር ያለ ማቋረጥ ከመጣ ተቀድዷል።

ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር አንድ ጥፋተኛ ቀርቷል፤ እርሱም ቴርሞስታት ነው። ይህ ትንሽ በር የሞተሩ ውኃ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። አንድ ቀን ተዘግቶ ሲቀርና ሞተሩ ሲፈላ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል። መፍላቱ ይቆማል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ በተለይ በደጋ አገር ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል። ቤንዚን በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይቋጠራል፤ የተቋጠረውም በሚገባ አይነድም፤ በግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ብረቱ እንዲበላም ያደርጋል። የሙቀት ማመልከቻው ረጅም መንገድ ተሂዶም ከታች የማይነሣ ከሆነ፣ ቴርሞስታት መኖሩን ጠይቁ። ካለም ከመጋጠሙ በፊት በድስት ውኃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ማሞቅ ይቻላል፤ ውኃው ሳይፈላ ሲከፈት በዓይን ይታያል። ውኃ የሌላት ቮልስዋገን እንኳ የማቀዝቀዣውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ የራሷ ቴርሞስታት አላት፤ እርሱም በብዙዎቹ ላይ ተነቅሎ ጠፍቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ካልመጣ፣ የሞተሩን የግፊት አቅም በመለኪያ ማስመርመር ይገባል። አራቱ ቤቶች ተቀራራቢ ግፊት ካላቸው ተስፋ አለ። ሁሉም እጅግ ዝቅ ካሉ፣ ወይም ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ዘወትር የሚያወጣ ከሆነ፣ ሞተሩ አርጅቷል፤ ካርቡራቶር ማጽዳትም ካንዴላ መለወጥም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። በሌላ በኩል በየሱቁ የሚሸጡ፣ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሠሩ ማግኔቶችና በጋን የሚጨመሩ ኪኒኖች አሉ። ማግኔት ቤንዚንን አይለውጠውም። በዚያ ገንዘብ የጎማ ነፋስ መለኪያ ቢገዛበት ይሻላል።

ስለ አነዳድ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ የሰው ሕይወት ስላለበት ነው። አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በረጅም ቁልቁለት ማርሽ አውጥተው፣ አንዳንዶቹም ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ። በጣርማ በር ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይህን ማድረግ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ባለ 1,300 ሲሲ ሞተር መርገጫው ሳይነካ በዝግታ ሲዞር በሰዓት የሚወስደው አንድ ሊትር አይሞላም። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ሞተር በማጥፋት የሚተርፈው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። በልዋጩ መኪናይቱን በማርሽ ይዞ የሚያዘገየው ሞተር የለም፤ ክብደቷን ሁሉ የሚሸከሙት ፍሬኖቹ ብቻ ናቸው። ፍሬን በሞተሩ ስበት የሚታገዝባት መኪና ከሆነች ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ እገዛው ይቋረጣል፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ግማሽ ሊትር በዚህ ዋጋ አይገዛም።

አሁን ወደ ወረቀታችን እንመለስ። ጥገናው ሲጀመር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከለውጡም በኋላ ይለካ። ካንዴላ፣ ፊልትሮና ፑንቲና በአንድ ቀን ተለውጠው ነዳጁ ቢቀንስ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ጠቀመ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሦስቱንም መግዛት ግድ ይሆናል። መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀው ይሠራ፤ ነፋስ ይሞላ፣ ፍሬን ይላቀቅ፣ ክዳኑ ይከፈት። ቀጥሎ ጥቂት የሚጠይቀው፣ መጨረሻ ላይ ብዙ የሚጠይቀው።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰውም ለመካኒኩ የሚነግረውን አስቀድሞ ቢጽፍ ይጠቅመዋል። «ጋሼ፣ መኪናችን ነዳጅ በላች፤ እባክዎ ይዩልን» ብሎ የሚሄድ ልጅ መካኒኩን ለግምት ይዳርገዋል። የሚከተለውን የሚያነብ ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶ ቀርቧል፦ «መኪናይቱ ካለፈው ወር ጀምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ትወስዳለች፤ ሦስት ጊዜ ለክተናል። ከዚያ በፊት 10 ነበር። ጎማው ጠዋት ተለክቷል፤ ቸርኬዎቹ እኩል ይሞቃሉ። አራቱም ካንዴላዎች ደረቅ ጥቁር ናቸው። ፊልትሮው አዲስ ነው። የሙቀት ቀስቱ መካከል ላይ ይቆማል። ጠዋት ስትነሣ ደኅና ናት፤ ከሞቀች በኋላ ግን ጭሷ ይጠቁራል፤ ቤንዚንም ይሸታል።» ይህን የሰማ መካኒክ ሞተሩን ገና ሳይከፍት እጁን ወደ ካርቡራቶሩ ይሰድዳል፤ በመጀመሪያም የሚያየው የአየር መዝጊያውን ክዳንና በገንዳዋ ውስጥ ያለችውን መርፌ ነው።